አባቴ ያላየው ሥዕል

የካ፣ ቅዳሜ ጠዋት

እኔና አባቴ ከቤት የወጣነው ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም። የእንጦጦ አናት በጉም ተሸፍኖ፣ ከባሕር ዛፉ የሚታየው ግንዱ ብቻ ነበር። የአባቴ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን ሠዓሊ የሆነው ተስፋዬ፣ ፒያሳ በተከፈተ ኤግዚቢሽን ላይ ሥዕሉ እንደተሰቀለ ሰው ልኮ ነግሮት ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሥዕል ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ ተጋርደዋል፤ ከዚህ በኋላ ብዙ ሥዕል እንደማያይ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

እናቴ እስከ በር ሸኘችን። «በጊዜ ተመለሱ» አለች። ሰው ከቤት ሲወጣ ሌላ የምትለው የላትም።

አባቴ ክንዴን ይዞ ጭቃውን ወረድን። የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ፣ ስኳር መጥቷል ተብሎ፣ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። አውቶቡሱ ቆይቶ፣ ያውም ጢም ብሎ ሞልቶ መጣ። ጢሙ ገና ያልጠና ወታደር ተነሥቶ ለአባቴ ቦታ ለቀቀለት።

«ተባረክ ልጄ» አለው አባቴ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ልጆች ሳለን፣ ደመወዝ የወጣ ቅዳሜ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን በዚሁ መንገድ ይዞን ይወርድ ነበር። መጀመሪያ ሥዕል እናያለን፤ ከዚያ እዚያው አቅራቢያ ምሳ እንበላለን። ሥዕል ፊት ማውራት ክልክል ነው። ምሳ ላይ ግን እያንዳንዳችን የወደድነውን አንድ ሥዕል ከነምክንያቱ መናገር ግዴታችን ነበር።

ፒያሳ

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ገና ያልደረቀ ቀለም ይሸታል። ትራክተሮች፣ የፋብሪካ ጭስ፣ ክንዳቸውን ያነሡ ሠራተኞች በየግድግዳው ተደርድረዋል። አባቴ አፍንጫው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ይጠጋና «ቀይ አበዛበት» ይለኛል በሹክሹክታ። ቀለም እንጂ ቅርጽ አይለይም።

የተስፋዬ ሥዕል መጨረሻው ግድግዳ ላይ ነበር። ገበሬዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፊደል ይማራሉ። የሚያስተምራቸው ወጣት በግራ እጁ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሷል። ዳዊት ነው! ግራኝነቱ፣ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ሊናገር ሲል የሚላቀቀው ከንፈሩ።

ዳዊትን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አስከሬኑንም አላገኘንም። ፍተሻ መጣ በተባለ ቀን እናቴ ደንግጣ ፎቶግራፎቹን ሁሉ እሳት ውስጥ ጨምራለች። ያን ፊት ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። ተስፋዬ ጓደኛው ነበርና አልረሳውም።

«እዚህኛው ላይ ምን አለ?» አለኝ አባቴ።

የአዳራሹ ጠባቂ አጠገባችን ቆሟል። «ገበሬዎች ናቸው» አልኩት። «አንድ ልጅ ያስተምራቸዋል።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው አባባ። እንሂድ፣ ርቦኛል።»

ምሳ

ምግብ ቤቱ ያው የድሮው ነው፤ ወንበሮቹም አልተለወጡም። ዋጋው ግን ጨምሯል፤ ከፓስታው ውስጥም ሥጋው ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያለው በቲማቲም ብቻ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው አስተናጋጁ።

አባቴ ሹካውን ዳብሶ አገኘው። ጥቂት እንደበላ ቀና አለ።

«እሺ፣ የቱን ወደድሽ?»

ስለ አንዱ ትራክተር ልዋሸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። የትራክተሩ ቀለም እንኳ ሊታወሰኝ አልቻለም። ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

«የተስፋዬን። አባባ፣ የሚያስተምረው ልጅ ዳዊት ነው።»

ሹካውን አስቀመጠ።

«በየትኛው እጁ ነው የሚጽፈው?»

«በግራው።»

«ጆሮውስ?»

«እንዳንተ ነው።»

እጁን አንሥቶ የገዛ ጆሮውን ነካ። «መልሽኝ» አለ።

ስንደርስ አዳራሹ ለምሳ ተዘግቷል። እስኪከፈት ድረስ ካፊያውን ከጣሪያው ሥር ተጠልለን ጠበቅን። አባቴ ገብቶ ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ አንዱን ዓይኑን ሸፈነ፣ ጎንበስ አለ፣ ከጎን ሞከረ።

«የት ጋ ነው?»

እጁን ይዤ አመለከትኩት። ጠባቂው መጣ።

«አባት፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ፤ ሥዕሉ እንዳይበላሽ።»

«እሺ ልጄ» አለና ወደ ኋላ ተራመደ። ቆይቶ «ነጭ ነገር ይታየኛል» አለኝ።

«ሸሚዙ ነው።»

ከልጁ የደረሰው ይኸው ነው።

ወደ ቤት

ከአውቶቡስ ወረድን። የየካን ዳገት ስንጀምር አባቴ ቆም አለ። «ለእናትሽ የምነግራት እኔ ነኝ» አለ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ ነገራት። ለቀማዋን ስላላቋረጠች ያልሰማች መሰለኝ። ኋላ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አነሣችና ወደ እኔ ዞረች።

«ከስቷል?»

«ትንሽ» አልኳት።

«ማን አብስሎለት!» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ልጁ ከተወሰደ ወዲህ ሦስታችን አንድ ላይ ስናለቅስ ያ የመጀመሪያው ነው። በዚያች አጭር መንገድ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እንዳንጎዳዳ ብለን ስሙን ሳንጠራ መኖራችን ማናችንንም አላዳነም፤ ሐዘኑን ለየብቻችን አሸከመን እንጂ።

ሲመሽ እናቴ ፊቷን ታጥባ መጣች።

«ሰኞ ዳዊትን ታሳዪኛለሽ» አለችኝ።