ከነጩ ጀምሪ

አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢቸና ላይ ዳዊት ያስተማሩ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ስለ ቴኳንዶ የሚያውቁት ከእኔ ያዩትን ብቻ ነው። ሞጣ ሄጄ የቀበቶ ፈተና ባለፍኩ ቁጥር አዲሱን ቀበቶ ይዤ እየሮጥኩ እገባለሁ። እሳቸው ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡትና፣ "ይሄ ይቆይ፤ ከነጩ ጀምሪ" ይሉኛል።

"አባባ፣ ሰማያዊ ደርሻለሁ እኮ!"

"ዳዊት የደረሰ ፊደል ይረሳል?"

እያጉረመረምኩ በነጭ ቀበቶ የተማርኩትን ሁሉ አሳያለሁ። እግሬ ከተወላገደ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው "ድገሚ!" ይላሉ። ስንቴ ተናድጄባቸዋለሁ! ሲጥማቸው ግን ተነሥተው፣ አዲሱን ቀበቶ በገዛ እጃቸው ጠበቅ አድርገው ያስታጥቁኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጥቁሩን ይዤ ከሞጣ ተመለስኩ። አባባ አርፈው አርባቸው ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው። ቀበቶውን ይቀመጡበት በነበረው መደብ ላይ አኖርኩና ማንም ሳያዘኝ ከነጩ ጀመርኩ። መሀል ላይ ግራ እግሬ ተወላገደ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ የመቋሚያ ድምፅ የለም። ራሴው ደገምኩት።

ሁለተኛው ልክ ነበር። ቀበቶው ግን እስካሁን መደቡ ላይ ነው።