የሐሙስ ጠዋቱ ሞተር

ሆላንድ፣ ሔግ ከተማ ውስጥ የማጸዳው ሕንጻ ድሮ ፋብሪካ ነበር። ካንዴላና ካርቡራተር ይሠሩበት ነበር፤ ኩባንያው የራሱ የእሽቅድምድም መኪኖችም ነበሩት። አሁን ቀይ ጡቡ በቅርስነት ተመዝግቦ ውስጡ ቢሮ ሆኗል። ከመኪኖቹ የቀረችው አንዷ ብቻ ናት፤ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በገመድ ታጥራ ቆማለች። ወጣቶቹ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው በአጠገባችን ያልፋሉ፤ እሷንም እኔንም አያዩንም።

አዲስ አበባ መካኒክ ነበርኩ፤ ያውም ስም ያለኝ። እዚህ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ማንስ ጠይቆኝ! ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከምኖርበት ከዞተርሜር በትራም መጥቼ መወልወያዬን አነሳለሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሰው ጋር ሰላም እባባላለሁ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው እሁድ ድምፄን የምሰማው ስስል ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ሰማንያ ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ ይመጡ ነበር። ፋብሪካው ሳይዘጋ ሞተር ፈታሽ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ መኪናዋን የሚንከባከቡት እሳቸው ናቸው፤ ወደ ግቢው አስወጥተው ሞተሩን ትንሽ ያሠሩትና ያጠፉታል። አንድ ሐሙስ መስኮት ስወለውል ሰማሁት፤ አንዱ ሲሊንደር ይስታል። የጽዳት ሠራተኛ ምን አገባው ብዬ ማለፍ ነበረብኝ፤ ጆሮዬ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ወረድኩና ከመሣሪያ ሳጥናቸው ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳሁ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር አድርጌ አዳመጥኩ። እኛ ጋራዥ ኮምፒውተር አልነበረም፤ የሞተር በሽታ የሚታወቀው እንዲህ ነበር። ሦስተኛው ነው አልኳቸው። ካንዴላውን ፈትተው ሲያዩት ጠቁሯል። ካቻቢቴውን ከእጄ ወስደው እሳቸውም ጆሯቸው ሥር አደረጉት። ለካ እሳቸውም ሥራ የተማሩት እንደዚሁ ኖሯል!

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የእኔ ቀን ሆነ። ሥራዬን ቶሎ ጨርሼ እጠብቃቸዋለሁ። በውድድር ቀን አጥር ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የእነሱ መኪና ስትመጣ በድምፅ ብቻ ይለዩዋት እንደነበር አጫወቱኝ። እኔም ስለ አገሬ ሚኒባሶች አወራቸዋለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴን አማሁላቸው። ሰውዬው እግሩ ተሰብሮ ሾርባ ሠርቼ ብሄድ፣ በሩን በጣት ስፋት ከፍቶ ቀጠሮ አለን ወይ አለኝ። በእነሱ ቋንቋ አፍስፕራክ! ለሾርባ! ኩም ብዬ ተመለስኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን በላሁት። ሽማግሌው በሳቅ ሞቱ።

"እኛ አገር የታመመ ሰው በቀጠሮ አይጠየቅም" አልኳቸው። "ሳይጠራ የሚመጣው ነው ወዳጅ።"

ሳቃቸውን አቁመው ደግ ልማድ ነው አሉኝ። በዚያው ቀን፣ ሕንጻው ለሕዝብ ጉብኝት በሚከፈትበት ዕለት ሞተሩን የማስነሳው እኔ እንደምሆን ነገሩኝ። እኔ! ሰማያዊ ቱታ ገዛሁ። ቤቴ ለብሼው መስታወት ፊት ቆምኩ፤ መሳቂያ ነኝ፣ ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ ሽማግሌው ቀሩ። ሁለት ሐሙስ ጠብቄ የእንግዳ መቀበያዋን ሴት ብጠይቃት፣ ታመው ራይስዋይክ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ቤታቸው ተኝተዋል አለችኝና አድራሻቸውን ጻፈችልኝ። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። የሰፈራቸው መንገድ መግቢያ ላይ ስደርስ ያ በጣት ስፋት የተከፈተ በር ትዝ አለኝ። ልጆቻቸው ምን ይሉኛል? ይሄ ጽዳት ሠራተኛ ማን ጠራው ቢሉስ? ብርቱካኔን ይዤ ተመለስኩ። በማግስቱ ለእንግዳ መቀበያዋ ሴት፣ ቤተሰቡ መቼ እንደሚመቻቸው ቢነግሩኝ እመጣለሁ ብዬ ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት። የደወለ አልነበረም። እኔም አገሩን አወቅሁ ብዬ፣ ሰለጠንኩ ብዬ፣ አምስት ሳምንት ጠበቅሁ።

ስድስተኛው ሐሙስ አንዲት ሴት አዳራሹ ውስጥ ስሜን ጠርታ መጣች። የሽማግሌው ልጅ ናት። አባቷ ማረፋቸውንና መቀበራቸውን ነገረችኝ። ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለውን ረጅሙን ካቻቢቴ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሞተሩንም እኔ እንዳስነሳ ሽማግሌው ለሕንጻው ሰዎች ተናግረው ነበር። አመሰገንኳት። እሷ ግን አልሄደችም።

"አባቴ ሲጠብቅህ ነበር" አለች። "ልደውልለት ስለው እምቢ አለኝ። የእነሱ አገር ሰው አይጠራም፣ ራሱ ይመጣል ይል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ እያለ መንገዱን ያይ ነበር።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሞተር ሕመም ከፎቅ ላይ ሆኜ የሰማሁት እኔ፣ ትራም ተሳፍሬ የምደርስበት ቤት በየሐሙሱ ስጠራ አልሰማሁም። ካቻቢቴውን ሁለት እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ።

"ለምን ቀረህ ግን?" አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ማወቅ ብቻ ፈልጋ ነው።

"ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነበር" አልኳት።