ያልተባለችው «ዋ»

መምህር ታደለ የበደለኝ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው። ሰውዬው ካረፈ ቆይቷል። ለቀብሩ አልሄድኩም። የሞተ ሰው ስም አይነሳም የሚሉኝ አሉ፤ እኔ የማነሳው ስሙን ሳይሆን የሆነውን ነው። እስከ ዛሬ ለልጆቼም ቢሆን ሙሉውን አልነገርኩም።

የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። የልጄ ልጅ ሔርሞን ለታዳጊዎች በተዘጋጀ የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር ተመዝግባለች። ሦስቱንም ሳያርፉ አከታትለው ነው የሚሠሩት። አባቷ ጎንደሬ ስለሆነ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እኔን ግን በትግርኛ «ዓባየይ» ትለኛለች። አያቴ ማለቷ ነው። እናቷ ሥራ ስለነበረባት ዓዲ ሓቂ አካባቢ ወዳለው መዋኛ ገንዳ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ።

አሰልጣኙ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። የልጆቹን ብስክሌት እያገላበጠ አየ። ፍሬኑን ጨበጠ፣ ጎማውን ተጫነ፣ የሄልሜታቸውን ማሰሪያ አገጫቸው ሥር አጠበቀላቸው። በልቤ ወደድኩት። ከዚያ ገንዳው ዳር አሰለፋቸውና «ዋና የምትችሉ እጃችሁን አውጡ» አለ። ሁሉም አወጡ። ሔርሞንም አወጣች። «ጎበዞች» ብሎ ወደ ጥልቁ በኩል ይዟቸው መሄድ ጀመረ።

እኔ ያቺን «ጎበዝ» የምትል ቃል አውቃታለሁ።

የእናቴ ወንድም ብስክሌት እየጠገነ የሚያከራይባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። በእኛ አገር የእናትን ወንድም «አኮይ» ነው የምንለው፤ ሌላ ስም ያለውም አይመስለኝም ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ውሎዬ እዚያ ነው። ሰንሰለት አጥባለሁ፣ የተበሳ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እፈልጋለሁ። እጄ ግራሶ ስለሚሸት እናቴ ማዕድ ላይ ከራሷ አርቃ ነበር የምታስቀምጠኝ። አኮይ ግን «ይቺን ልጅ ተይልኝ፣ ከወንዶቹ ትሻለኛለች» ይላት ነበር። ሥራ የሌላትን ብስክሌት በነጻ ይሰጠኛል። ከመንገድ ላይ ሕጻናት እየተከተሉኝ፣ ቀሚሴን ከኮርቻው ሥር ሸጉጬ፣ ከተማውን ስዞረው እውላለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ነድቻለሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ የለም።

መምህር ታደለ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነበር። ትግርኛ አይሰማም። እኛም አማርኛችን የመጽሐፍ አማርኛ ነው፤ ከክፍል ስንወጣ እዚያው ጥለነው እንወጣለን። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ እሱን አልነፍገውም። አንድ ቀን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ውድድር አመጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ሆራዮ ተሻግረን፣ ብስክሌት ይዘን ወደ ኲሓ በሚወስደው መንገድ እስከ ዳገቱ ግርጌ ደርሰን እንመለሳለን፤ ከዚያ ብስክሌቱን ጥለን እስከ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። ሆራዮ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነው። እኔ በበጋ ነበር የማውቀው። ተሻገሩ ሲለን ቀሚስ ሰብስቦ እስከ ጉልበት መግባት ነው የታየኝ።

ልጆች ሲመርጥ እኔን ከነብስክሌቴ አስቆመኝ። ብስክሌቱ የራሴ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እንዳልሆነ ነገርኩት። ቀጠለና፣

«ዋና ታውቂያለሽ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ትግርኛ ለማይሰማ አንባቢ መንገር አለብኝ። በእኛ ቋንቋ «ዋና» ማለት ባለቤት ነው። የቤት ዋና፣ የመኪና ዋና እንላለን። ውሃ ውስጥ የሚደረገው ሌላ ስም አለው። ስለ ብስክሌቱ እየጠየቀኝ ስለነበር፣ ባለቤቱን ታውቂዋለሽ ወይ ያለኝ መሰለኝ። ሰርቃ ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ ነው ብዬ ትንሽ ከፋኝ። ስለዚህ አንገቴን ቀና አድርጌ፣

«ከልጅነቴ ጀምሮ በደንብ አውቃለሁ» አልኩት።

አማርኛዬ ደህና ቢሆን «አውቀዋለሁ» እል ነበር። አንዲት «ዋ» ነች የጎደለችው። እሷ ብትኖር ማንን ነው የምታውቂው ብሎ ይጠይቀኝና ተሳስቀን እንለያይ ነበር። እሱ ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ጎበዝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሕይወቴ ካሉት ጥሩዎቹ ናቸው፤ ይህንንም ለመደበቅ አልሞክርም። ጎህ ሲቀድ እንወጣለን። በለስ የሚሸጡ ሴቶች ከገጠር ሲገቡ መንገድ ላይ ያገኙናል፤ እሾሁን እየላጡ ያጎርሱናል፤ ቅዝቃዜው ጥርስ ያማል። መምህር ታደለ በኮዳ ውሃ ይዞ ከኋላችን ይሮጣል። ማን እንደደከመ ከአተነፋፈሱ ያውቃል፤ ያን ልጅ አስቁሞ ሕምባሻ ቆርሶ ይሰጠዋል። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ አትያዙ እያለ ይጮኻል። ስለ መንገዱ እንደ አባት ነበር የሚሳሳልን። ወደ ውሃው ግን አንድም ቀን አልወሰደንም። ጠይቆናል፣ እናውቃለን ብለነዋል፤ ለእሱ አበቃ።

አብራን የተመረጠች ዘይነባ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥቶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የአፏ መፍቻ አማርኛ ነበር፤ ያደገችውም ሐይቅ ዳር ነው። በእኔ አማርኛ መሳቅ ሥራዋ ነበር፣ እኔም በእሷ ትግርኛ። በብስክሌት አታክለኝም። «ቆይ ውሃው ላይ እንገናኛለን» ስትለኝ ፉከራ ነው ብዬ አለፍኩት።

የውድድሩ ቀን ሆራዮው ሌላ ነበር። የክረምቱ ውሃ ሞልቶት፣ ቡናማ ሆኖ፣ የማውቃቸውን ድንጋዮች ውጧቸዋል። ርዕሰ መምህሩ፣ ወላጆች፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ቆሟል። አኮይም ብስክሌቴን ጠርጎ፣ ይዞልኝ ቆሟል። ፊሽካ ተነፋ። ልጆቹ እየተወረወሩ ሲገቡ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ትንሽ ሄድኩ። ከዚያ እግሬ የሚረግጠው አጣ።

ስለ ውሃው ብዙ አልናገርም። ቀዝቃዛ ነበር፤ አፌ ውስጥ ጭቃ ጭቃ ይል ነበር። አንድ ጊዜ ብቅ ስል መምህር ታደለን አየሁት። ዳር ዳሩን እየሮጠ «እጅሽን አንቀሳቅሺ፣ እጅሽን» ይላል። አልገባም። ኋላ እንደሰማነው እሱ ራሱ ዋና አያውቅም ነበር። የጎተተኝ እጅ የዘይነባ ነው። ከሁሉም ቀድማ ወዲያኛው ዳር ልትደርስ ስትል ዞር ብላ አይታኝ ተመለሰች። ሹሩባዬን ጨብጣ፣ እየሰደበችኝ፣ ወደ ዳር አወጣችኝ። እሷም እኔም ውድድሩን አልጨረስንም።

ማታ እኛ ቤት መጣች። ምን ነክቶሽ ነው አውቃለሁ ያልሽው ብላ ተቆጣችኝ። እኔም የሰውየውን ጥያቄ፣ የእኔንም መልስ ነገርኳት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ስትስቅ ቆይታ አለቀሰች። ወዲያው እጄን ይዛ መምህር ታደለ ወደተከራየበት ቤት ወሰደችኝ። እሷ በጥሩ አማርኛዋ አስረዳችው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማውን አያለሁ። ኩሬው ዳር ሲሮጥ የረጠበው ገና አልደረቀም ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ዳር ዳር አለ። «ገባኝ» አለ፤ «ቤታችሁ ግቡና ተኙ፣ አይዟችሁ።»

ገብቶታል። እኔ የምቆጥርበት እሱን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባንዲራ ስንሰቅል መምህር ታደለ ርዕሰ መምህሩ ባሉበት ስሜን ጠራ። ከሰልፉ አውጥቶ አቆመኝና «ዋና ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ» ብዬ እንድናገር አዘዘኝ። ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን ሳታይ ውሃ ውስጥ እንዴት ትከታለህ ብለው ጠይቀውት እንደነበር በኋላ ተሰማ። ዘይነባ ከሰልፉ መሃል «መምህር፣ ነግረንዎት የለም ወይ?» አለች። ዝም በይ ተባለች። እኔም የታዘዝኩትን አልኩ። አማርኛው ትክክል ነበር፤ እሱ ራሱ ቃል በቃል አስጠንቶኛል።

ልጆች እስከ ዓመቱ መጨረሻ በመንገድ ባለፍኩ ቁጥር «ዋና ታውቂያለሽ?» ይሉኝ ነበር። ዋሾ የሚል ስም ለአንዲት ልጅ በእኛ ሰፈር ቀላል አልነበረም። እናቴ ብስክሌት ከለከለችኝ። አንድ ቀን ግን አኮይ ከከባድ መኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ ለጥፎ፣ ነፍቶ፣ «ውሰጂው፣ ዋናው እኔ ነኝ» ብሎ ሰጠኝ። በዚያ ላስቲክ ላይ ዘይነባ ዋና አስተማረችኝ፣ በዚያው ሆራዮ፣ ውሃው ከጎደለ በኋላ። እሷ አሁን ደሴ ነው ያለችው። ጉልበቷን ያማታል። ስትደውል እስከ ዛሬ ሰላምታዋ «ዋናው ደህና ነው?» ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ እስቃለሁ። ከመምህር ታደለ ጋር ግን በመንገድ ስንገናኝ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም ብዬው አላውቅም።

እንግዲህ ቅዳሜ ልጆቹ ወደ ጥልቁ ሲሄዱ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሔርሞን አይታኝ በዓይኗ ለመነችኝ። አጠገቧ ስደርስ «ዓባየይ፣ በናትሽ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አለችኝ። አሰልጣኙን ወደ ጎን ጠራሁት።

እናቴ ለማለት «ኣደይ» ብሎ፣ «ችግር የለም፤ ሁሉም ይችላሉ» አለኝ። «ጠይቄያቸዋለሁ እኮ።»

«ጠይቀሃቸዋል» አልኩት። «አይተሃቸዋል?»

ፊቱ ቀላ እንጂ አልተቆጣም፤ ለዚህም አመሰገንኩት። ሁሉንም ውሃው እስከ ወገባቸው በሚደርስበት በኩል መለሳቸው። ማንንም ለብቻ አላቆመም፤ ጨዋታ አስመስሎ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አንድ በአንድ እንዲሄዱ አደረገ፤ እሱ ውሃው ውስጥ አጠገባቸው ነበር። አብዛኞቹ ደረሱ። አንድ ልጅ መሃል ላይ ቆመ። ሔርሞን ደረሰች፤ ነገር ግን እጇ እየቀዘፈ እግሯ መሬቱን እየረገጠ ነበር። እሱም አየ፣ እኔም አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ አኮረፈች። ለምን እጅሽን አወጣሽ አላልኳትም። ሁሉም ካወጣ በኋላ እጅን አለማውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ሓድነት ሰፈር ስንደርስ በለስ ገዛሁላት፤ ላጥኩላት፤ በላች።

ለእናቷ አልነገርኳትም። ማታ ረጅም ሱሪና ሰፊ ቲሸርት ከሳጥን አወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ከሔርሞን ጋር ገንዳው ውስጥ ገባሁ።