በአማቴ ስም የፈረምኩት ሥዕል

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ዘልዬዋለሁ። አሁን የምናገረው ደፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ የምደበቅበት ስላለቀብኝ ነው።

ባለቤቴ ሂሩት ልጃችንን ማርታን ያረገዘች ጊዜ ዐረብ አገር፣ ሻርጃ ከተማ፣ አል ናህዳ ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበርን። እኔ አል ሪጋ የሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ በሆዷ ሳለ ሞቶብን ስለነበር ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘቻት። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። አጽናኟ ግድግዳው ነበር። አባቷ አቶ ደመላሽ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ በውሃ ቀለም ትንንሽ ሥዕሎች ይስላሉ። ዕቃ ሊገዙ ዴራ ገበያ በሚመጡ ነጋዴዎች እጅ ይልኩላት ነበር፤ የጎረቤት አጥር፣ ዝናብ የመታው መንገድ፣ ጭነት የሰለቻት አህያ። ከሥር በቀኝ በኩል ሁልጊዜ አንዲት «ደ» አለች። ሂሩት ቁርጠት ሲይዛት እነሱን እያየች ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። «አባባ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር።

በጥር ወር ወንድሟ ሰለሞን ሥራ ቦታ ደወለልኝ። «አባባ አረፈ። እስክትወልድ ግን እንዳትሰማ» አለኝ። ተስማማሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድብኝ ይሆናል። መርዶ የሚቆይበት ጊዜ አለ።

ሂሩት ግን መጠየቅ ጀመረች። አባባ ለምን አይደውልም? ጆሯቸውን ታመዋል አልኳት። «እሺ፣ ሥዕል ይላክልኛ! ጆሮው እንጂ እጁ አልታመመ» ብላ ሳቀች። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ብትጠራጠርስ? ደንግጣ ይኼኛውም ልጅ እንደዚያኛው ቢሄድስ?

አጎራባቹ አጅማን ከተማ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ አንድ ህንዳዊ አውቅ ነበር። ከሥዕሎቹ አንዱን ፎቶ አንስቼ ወሰድኩለት። እንደዚህ አድርገህ ሌላ ሳልልኝ አልኩት። «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፤ ለእሱ ምንም ችግር አልነበረውም። «ደ»ን መጻፍ ግን አቃተው፤ እግሯን አጣመማት። ብሩሹን ተቀብዬ እኔ ጻፍኳት። እኔ። የሞተ ሰው ፊርማ፣ በገዛ እጄ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሽማግሌ እጅ መሰለና ይበልጥ አማረ።

ነጋዴ አመጣው ብዬ ሰጠኋት። ሂሩት ደረቷ ላይ አድርጋው እንቅልፍ ወሰዳት።

ማርታ በሚያዝያ በሰላም ተወለደች። ሰለሞን «በል አሁን ንገራት» አለኝ። አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል አልኩት። እውነት ለወተቷ አስቤ ነበር? ወይስ ዓይኗን ፈርቼ? እሷ ደግሞ «የልጅቷን ፎቶ ለአባባ ላክለት፣ ይሳላት» አለችኝ። ያኔ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ተመልሼ አጅማን ሄድኩ፤ ተመልሼ «ደ»ን ጻፍኩ።

ሥዕሉ ከሕፃኗ አልጋ በላይ ተሰቀለ። ከወር በኋላ ጎረቤት ሰብስቤ በማለዳ መርዶውን ነገርኳት። ያረፉት ባለፈው ሳምንት ነው አልኩ። ሰለሞንን አስቀድሜ ለምኜው ነበር፤ «እኔ አልዋሽም፤ ግን ዝም እላለሁ» ብሎኛል። ሂሩት ጮኸች፣ ፊቷን ነጨች። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ ሥዕሉን አየችው።

«ተመስገን» አለች፤ «ልጄን ሳያያት አልሞተም።»

ለቅሶ የመጡት ሁሉ አብረው ተመስገን አሉ። እኔም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በፍርሃት ኖርኩ። ማርታን ሲያተኩሳት ሂሩት ሥዕሉ ሥር ቆማ «አባባ፣ ጠብቃት» ትላለች። ለእንግዳ መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው። ሙት ዓመታቸውን ባልሞቱበት ቀን ትዘክራለች፤ ዳቦውን የምቆርሰው እኔ ነኝ። ጥር ሲገባ የቀን መቁጠሪያውን ቶሎ ገልብጬ አልፈዋለሁ። ከአገር የመጣ ነጋዴ ቤታችን ሲቀመጥ ምን ሊያመልጠው ነው እያልኩ አፉን አፉን አያለሁ።

በዚህ ክረምት ማርታን ይዛ መቃብሩን ልታይ ተነሣች። አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ፈቃድ ከለከሉኝ አልኳት። አልጠየቅኩም። ሻንጣዋን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ አደረስኳት፤ ሰልፉ ላይ ግማሽ ሰዓት አጠገቧ ቆምኩ። ሐውልቱ ላይ ቀኑ ተጽፏል ለማለት ግማሽ ሰዓት ነበረኝ። ስለ ሻንጣው ክብደት አወራሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ደወለች። ነፋስ ይሰማል፤ ማርታ ራቅ ብላ ትስቃለች። ሂሩት አልጮኸችም።

«ጥር ይላል» አለች።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ልጄን ማነው የሳላት?»

«ስትመለሺ እነግርሻለሁ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ሂሩት፣ አባትሽ ማርታን አላያትም። የሳላት አጅማን ያለ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ብዬ ነው እንዳልል፣ የመጀመሪያው ለአንቺ ነበር ቢባል ሁለተኛውስ? አራቱ ዓመትስ? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። መጀመሪያ አባትሽን የምታለቅሺበትን ቀን ወሰድኩብሽ፤ አሁን ደግሞ መጽናኛሽን። ማክሰኞ ትመለሳላችሁ። ከግድግዳው ላይ ምንም አልነካሁም፤ የትኛው እንደሚወርድ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ማሪኝ ግን አልልሽም።