ጠንካራ ኬዝ

የሶሻል ወርክ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ የተመደብኩት ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ቢሮ ነበር። ቢሮው ከአረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ ሴቶችንና ተሰደው ወደ ከተማችን የመጡ ሰዎችን ይረዳል ይባላል። እኔን የፈለጉኝ ለቋንቋዬ ነው። ቤተሰቦቼ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውረው ቢመጡም፣ ያደግኩት እዚያው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ስለሆነ ኦሮምኛ እንደ አማርኛ ይቀናኛል።

የቢሮው ኃላፊ ሽቶ የሚያበዛ፣ ጠረኑ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምለው፤ አሁን ስጽፈው ግን እጄ እምቢ ይለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የማህደር ክምር ፊቴ አስቀምጦ፣ «ጠንካራ ጠንካራውን ኬዝ ለዪልኝ» አለኝ።

«ጠንካራ ማለት?»

«የሚያስለቅስ ነዋ!»

ስቆ ሄደ። እኔም ለየሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። የሰው መከራ ይዤ፣ ይሄ አንደኛ ደረጃ፣ ይሄ ሁለተኛ ደረጃ እያልኩ ስለይ ዋልኩ።

ከሁሉም በላይ ያስቀመጥኩት ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሸቤ የመጣች የአንዲት ሴት ማህደር ነበር። ቃሏን የተቀበልኳት ራሴ ነኝ። አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ እመቤቷ በጋለ ካውያ ቀኝ ክንዷን አቃጥላታለች። ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ በሩን አስዘጋችኝ። ለእናቷ እንኳ «ዘይት ተደፍቶብኝ ነው» ብላ ነው የነገረቻት።

ከወር በኋላ ረጂዎቹ ከውጭ አገር ሊጎበኙን መጡ፤ ኃላፊው እሷን አስጠራት። እንግዳ አለ ስለተባለች ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ሂና ተቀብታ መጣች። ከላይ እስከ ታች አያትና ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ይሄ ምንድን ነው? ሰርግ ተጠርታ ነው እንዴ? እንዲህ ሆና ማን ያምናታል?» አለ። ከጽዳት ሠራተኛዋ ያረጀ ሻርፕ አስመጥቶ እላይዋ ላይ ጣል አደረገባት። አማርኛ መናገር ብትፈራም በደንብ ትሰማለች። ሻርፑን ተከናነበችው።

እሷ በኦሮምኛ ትናገራለች፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሱ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ መመለሷ ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ይሄ ኃላፊውን አላስደሰተውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የክንዷን ጠይቂያት። እጅጌዋን ትሰብስብ» አለኝ።

ጠየቅኋት። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ክንድሽን አሳዪአቸው» አልኳት፣ ያውም ልስልስ ባለ ድምፅ።

ትክ ብላ አየችኝ። «እሱን የነገርኩት ለአንቺ ነው» አለች። «ወላሂ፣ ለእነሱ አልተናገርኩም።»

እንዳለ ተረጎምኩት። ኃላፊው አንገቱን ደፋ አድርጎ በእንግሊዝኛ፣ «ሐዘኑ ከአቅሟ በላይ ሆኖ መናገር አቅቷታል» አላቸው። አንዷ እንግዳ እንባዋን ጠረገች። ሌላው ፎቶ አነሳ። እኔ ጥያቸው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ተመልሼ ስገባ እንግዶቹ ሄደዋል። እሱ የተረፋቸውን ሳምቡሳ እየበላ፣ ከንፈሩ በዘይት ወዝቶ፣ «ጥሩ ነበር፤ ማልቀሷ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀረች። ሦስት ሳምንት ጠብቄ በሚኒባስ ሸቤ ሄድኩ። አንድ መጋዘን በረንዳ ላይ ከሴቶች ጋር ተቀምጣ ቡና ስትለቅም አገኘኋት።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ፎቶዬን አጠፉት?»

አላጠፉትም። ትልቅ አድርገው አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እውነቱን ነገርኳት። ፊቷን አዞረችና ምራቋን እንትፍ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። የምትለቅመው በግራ እጇ ብቻ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ምነው ብላት፣ «ቀኙ አይጨብጥልኝም» አለች። «ከተቃጠልኩ ጀምሮ ጣቶቼ አይታጠፉም።»

አራት ገጽ ሞልቼላት ነበር። ማን እንዳቃጠላት፣ በምን እንዳቃጠላት፣ ምን ያህል እንዳለቀሰች ጽፌያለሁ። እጇ ይሠራ እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም። ቅጹም አይጠይቅም። ከኃላፊው ይልቅ ራሴን የተጸየፍኩት ያን ዕለት ነው።

ጅማ ተመልሼ ፎቶው ይውረድ አልኩት። «የፎቶ ፈቃዱ ላይ ፈርማለች እኮ» አለኝ። ያስፈረምኳት እኔው ነኝ። ለመምህሬ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ እኔን ወደ ሌላ ቢሮ ቀየሩኝ፣ ፎቶው እዚያው ቀረ።

እሷን ግን ለምኜ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች እጇን ታሠራ ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ «እስቲ የጓደኛሽን እጅ ጨብጪ» አላት።

«ጓደኛዬ አይደለችም» አለችው በአማርኛ። ከዚያ እጄን ያዘችና፣ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ፣ የቻለችውን ያህል ጨበጠችኝ።