የአማቼ የዝናብ ደብተር

ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ስለ አየር ንብረት አስተምራለሁ። አማቼ ደግሞ ጣና ላይ ባለ አንድ ገዳም ለብዙ ዘመን ያገለገሉ መሪጌታ ናቸው። ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው ቤታችን በመጡ ቁጥር እንከራከራለን። እኔ የአየር ንብረቱ ተለውጧል ስል እሳቸው «ዝናብ ድሮም ይዘገያል፤ እናንተ ገና አሁን ሰምታችሁ ደነገጣችሁ» ይላሉ።

ባለፈው ግንቦት ሊረቱኝ ቆርጠው መጡ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀን የጻፉበትን አሮጌ ደብተር ይዘዋል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ እየበላን አነበብነው። የድሮዎቹ ገጾች ለእሳቸው መሰከሩ፤ ያኔም ዝናብ የዘገየባቸው ዓመታት ነበሩ። ወደ ቅርቦቹ ስንደርስ ግን ገጾቹን መላልሰው ገለጡ።

«መዘግየቱስ በዝቷል» አሉ በመጨረሻ።

«የአንድ ቦታ መዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከሌላ ጋር መመሳከር አለበት» አልሁ።

«ልረታልህ ስል ደግሞ ጠበቃ ሆንህልኝ?» ብለው ሳቁ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በማግስቱ ወደማስተምርበት ክፍል ወሰድኋቸው። ደብተሩ ቀኖቹን የሚጠራው በበዓላት ስም ስለነበር፣ እሳቸው ጠመኔ ተቀብለው እያንዳንዱ በዓል መቼ እንደዋለ በባሕረ ሐሳብ እያሰሉ አስረዱ። ተማሪዎቹ ይሞግታሉ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ደስ እያለኝ ጻፍሁ።