የሸሸው ጉብታ

እትዬ ሚዛን ይሏታል፤ ሁሉን ነገር ሁለቴ ካልመዘነች አታምንምና። የምትሠራው በአንድ የቆዳ ቅባት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከፀሐይ ለሚከላከለው ቅባት ግን ከሌላው ሁሉ አብልጣ ትጨነቃለች። የታናሽ እህቷ ቆዳ ከተወለደች ጀምሮ ቀለም የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆማ የአውቶቡስ ትኬት ስለምትሸጥ ያለዚያ ቅባት ትቃጠላለች።

አንድ ጠዋት ለዚሁ ቅባት የሚገባውን አዲስ የመጣ ዱቄት በአልኮል አሟምታ መለኪያ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ዱቄቱ ቆዳ የሚያቃጥለውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቱ ጋ እንደሚውጥ ማሽኑ በመስመር ይስላል፤ ጨረሩ የተዋጠበት ቦታ ላይ ጉብታ ይወጣል። የዛሬው ጉብታ ግን ከቦታው የለም። ወደ አጭሩ ሞገድ ሸሽቶ ጥግ ይዟል።

ብርጭቆውን አጥባ ደገመችው፤ ያው ነው። ማሽኑን አጥፍታ አበራችው፤ ያው። ደህና መሆኑን ከምታውቀው ከአሮጌው ዱቄት ቆንጥራ በዚያው አልኮል ብትሞክር የእሱም ጉብታ ሸሸ። ይሄኔ ግራ ገባት። ትናንት ደህና የነበረን ነገር ዛሬ ምን ነካው?

አለቃዋ፣ ወጣቱ ኬሚስት፣ ከአልኮሉ መመርመሪያ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገ። ወረቀቱ ቀላ።

«አሲድ ገብቶበታል፣ እትዬ ሚዛን። የአልኮሉን ጠርሙስ ያጠበው ሰው በደንብ አላለቀለቀውም።»

«ዱቄቱን አበላሸዋ?»

«የለም። ሞለኪውሉ ነጠላና ድርብ ትስስር እየተፈራረቀ የዞረበት ቀለበት አለው። ጎኑ ላይ የተንጠለጠለው ናይትሮጅን ኤሌክትሮኖቹን ለቀለበቱ ያካፍላል፤ ረዘም ያለውን ሞገድ የሚውጠው ለዚህ ነው። አሲድ ሲመጣ ግን እነዚያኑ ኤሌክትሮኖች ይሻማል፤ ቀለበቱ ባዶ እጁን ይቀራል።»

«ሳይበላሽ ሥራውን ተወ እያልከኝ ነው?»

«ለጊዜው።» አሲዱን የሚያረክስ ነገር ጠብ አደረገበት። ጉብታው ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

እሷ ግን ጭራሽ ተምታታባት። «ላብስ? ላብም አሲድ አለው ይባላል። እህቴ እንደ ጉድ ነው የሚያልባት።»

«ላብ ደካማ ነው፤ አያሸንፈውም መሰለኝ።»

መሰለኝ የምትለዋ ቃል ከነከነቻት። ከሰዓት በኋላ የላብን ያህል ደካማ አሲድ በጥብጣ አሮጌውን ዱቄት ከእሱ ጋር ለካች። ጉብታው ንቅንቅ አላለም። ንጹሕ አልኮል ቀይራ አዲሱንም ዱቄት ለካችው፤ ደህና ነበር፣ አሳለፈችው።

ከሥራ ስትወጣ በአውቶቡስ ጣቢያው በኩል አለፈች። እህቷ በባርኔጣዋ ሥር ላቧን እየጠረገች ነበር። እትዬ ሚዛን ቆማ ፊቷን ትክ ብላ አየችው።

«ምነው እህት ዓለም፣ ፊቴ ላይ ምን አየሽ?»

«ላብሽ ደካማ ነው አሉ።»

«ማን ለካው ደግሞ?»

ተያይተው ሳቁ። በአንዲት ጠብታ የሚሸሽ ነገር ያን ሁሉ ፀሐይ እንዴት እንደሚመክት ግን እትዬ ሚዛን ቤቷ እስክትገባ ብታወጣ ብታወርደው አልገባትም።